የብዕር ዕዳ

ኢሉባቦር ውስጥ ማከማቸት ነውር አይደለም። ዋጋ እስኪወጣለት ቡናውን በጆንያ አስተኝቶ የሚጠብቅ ገበሬ ብልህ ነው ይባላል። ማሩን በቅል አሽጎ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ አባወራ አርቆ አሳቢ ነው ይባላል። ከአባቱ የወረሰውን ቂም ለልጁ የሚያቆይ ሰው እንኳ፣ «ቁም ነገረኛ ነው፤ ነገር አይረሳም» ተብሎ ይከበራል። የቀለም ብዕር የሚያከማች ሰው ሲገኝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከዳሪሙ እስከ መቱ፣ ከመቱ እስከ ጎሬ የሚያውቁኝ ሰዎች ሲያገኙኝ፣ «ለመሆኑ አሁን ደኅና ነዎት መምህር?» ይሉኛል። «አሁን» የምትለዋን ጠበቅ ያደርጓታል።

ባለቤቴም መምህርት ናት። ከመምህርትነቷ በፊት ግን የቡና ገበሬ ልጅ ናት፤ ዋጋ የሚገባት በብር ሲነገራት ሳይሆን በፈረሱላ ሲነገራት ነው። (አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ካለ እሷ ፊት ባያነሳው ይሻላል።) ጫፉ ወርቅ የሆነ አሮጌ ብዕር ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳኖር ቀስ ብላ ትመጣለች።

«ይህችኛዋ ስንት ፈረሱላ ሆነች?»

«አንድም አትሞላ።»

«የታጠበ ነው ያልታጠበ?»

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፤ የታጠበ ቡና ዋጋው ሌላ ነው። «ያልታጠበ» እላለሁ፣ ብዕሩን ወደ ኪሴ እየሰደድሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ክርክር አንባቢ በየቤቱ ያውቀዋል፤ የሚለያየው ዕቃው ብቻ ነው።

መከላከያ ግን አላጣሁም። ይህች አገር ብዕርን ስትሾም የኖረች አገር ናት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ከጦሩና ከገንዘቡ ጎን የጽሕፈት ሚኒስቴር አቁመው ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሰጥተዋል። ከዚያ ቀድሞም ቁም ጸሐፊው ነበር፤ መቃ ቀርጾ ብዕር የሚያወጣ፣ ከጥላሸትና ከተጠበሰ እህል ያዋሃደውን ቀለም ለወራት አብላልቶ የሚያደርስ፣ ሁለት የቀለም ቀንድ መሬት ላይ ሰክቶ ብራናው ላይ የሚያጎነብስ ሰው። አንደኛው ቀንድ ጥቁር ነው፣ ሁለተኛው ቀይ። በቀዩ የሚጻፈው የእግዚአብሔርና የእመቤታችን፣ የጻድቃንና የሰማዕታት ስም ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፈት ጥቁሩና ሰማያዊው ለተማሪ ተሰጠና ቀዩ ለመምህር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ቀለም የቅዱሳን መሆኑ አብቅቶ የኃጥአን ሆነ። እኔ ራሴ በቀይ ቀለም ስንቱን ኃጥእ እንደመዘገብሁ የዳሪሙ ወላጆች ይመስክሩ።

ልጅ ሳለሁ የተማረ ሰው የሚለየው በደረት ኪሱ ነበር። አንድ ብዕር የሰካ ማንበብ ይችላል፤ ሁለት የሰካ ቢሮ አለው፤ ሦስት የሰካ ወይ ርእሰ መምህር ነው ወይ ብዕር ጠጋኝ። ክዳኑን ብቻ ሰክቶ ገበያ የሚወጣም ነበር፤ ከውጭ የሚታየው ክዳኑ ስለሆነ። እንዲህ ያለውን ሰው፣ «እስቲ ጻፍልን» ብሎ የሚያሳፍር ክፉ ደግሞ በየገበያው አይጠፋም።

የቀለም ብዕር ነገሩ ቀላል ይመስላል። በሆዱ ቀለም ይይዛል፣ በጫፉ ይጽፋል። ቀለሙ ግን ዝም ብሎ አይፈስም። ከብረት ጫፉ ሥር ጸጉር የሚያህል ቦይ የተቀረጸበት ማስተላለፊያ አለ፤ ቀለሙ በዚያ እየተሳበ ይወርዳል፣ በወረደው ልክ ደግሞ አየር ሽቅብ ይገባል። አየር ካልገባ ቀለም አይወጣም፤ አየር በአንዴ ከገባ ቀለሙ ይዘረገፋል። ሩማንያዊው ፔትራኬ ፖዬናሩ እ.ኤ.አ. በ1827 ፓሪስ ላይ በራሱ ቀለም የሚሞላ ብዕር አስመዝግቦ ነበር፤ አየሩንና ቀለሙን አስታርቆ የገበያ ዕቃ ያደረገው ግን ኒው ዮርክ ላይ በ1884 ፈቃድ ያወጣው ሉዊስ ዋተርማን ነው። ሰጥቶ መቀበልን ከብዙ ሰው ይልቅ ብዕር ያውቅበታል።

ይህ እርቅ የሚፈርሰው ዳገት ላይ ነው፤ ዳገት ደግሞ እኛ ዘንድ ሞልቷል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግታለች፤ ጎሬ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች። በቡሬ በኩል ያንን ዳገት የሚወጣ መንገደኛ ጆሮው ይደፈናል፣ ብዕሩ ያለቅሳል። ላይ ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፤ ጋምቤላ ሳለ ብዕሩ ሆድ ውስጥ የተዘጋው አየር የሚጫነው ሲያጣ ይለጠጥና ቀለሙን ገፍቶ ያስወጣዋል። ከሙሉው ብዕር ይልቅ ጎዶሎው የሚያፈሰውም ለዚህ ነው፤ ብዙ አየር ይዟል። መድኃኒቱ ወይ ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ወይ ጨርሶ ባዶ አድርጎ፣ ጫፉን ወደ ሰማይ አቁሞ መጓዝ ነው።

ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የውጭ ዕቃ የሚመጣው በዚሁ ዳገት ነበር። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የተነሣው የእንፋሎት መርከብ ጨዉንና ጨርቁን ጋምቤላ ያራግፋል፣ የእኛን ቡና ይዞ ይመለሳል። ዕቃው በሰው ትከሻና በአጋሰስ ጀርባ ሽቅብ ይጓዛል። ጋምቤላ ካሉት የግሪክ ነጋዴዎች ከአንዱ ብዕር ገዝቶ፣ እዚያው ቀለም ሞልቶ፣ በኩራት ደረቱ ላይ ሰክቶ ጎሬ የገባ ጸሐፊ ከነበረ ልብሱ ምን እንደመሰለ ለመገመት የታሪክ ሰነድ አያስፈልግም።

የዘመናችንን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ጋምቤላ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ወዳጅ አለኝ። ለአክስቱ ልጅ ሚስት ሊጠይቅ ሽማግሌ ሆኖ መቱ መጣ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ግማሽ ድረስ የተሞላ ብዕር። አብሬ ነበርሁ። የልጅቱ ቤት ገብተን፣ እንደ ወጉ ቆመን፣ አንጋፋው ሽማግሌ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ሲጀምሩ ሰማያዊው ቀለም ከወዳጄ ልብ ላይ ተነሥቶ ቀበቶው ዘንድ ደርሷል። የልጅቱ አባት ንግግሩን በጸጥታ ሰሙ፤ ዓይናቸው ግን ከሸሚዙ አልተነቀለም። በመጨረሻ፣ «የእናንተ ወገን ቀለም የቆጠረ መሆኑን በዓይናችን አይተናል፤ ልጁስ ሥራ አለው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሳቅ የገባበት ሽምግልና ደግሞ አይከሽፍም። ወዳጄ ያንን ሸሚዝ አልጣለውም። ዛሬ ለሽምግልና የሚለብሰው እሱኑ ነው፤ «ገድ አለው» ይላል።

አሁን ወደ ሳጥኔ ልግባ። ከሁሉ የማስቀድመው ፓርከር 51ን ነው። የፋብሪካው መሥራች የሙያ ወንድሜ ነው፤ ጆርጅ ፓርከር አሜሪካ ውስጥ፣ ዊስኮንሲን፣ ጄንስቪል በምትባል ከተማ የቴሌግራፍ መምህር ነበር። ደመወዙን ለመደጎም ለተማሪዎቹ የሌላ ፋብሪካ ብዕር ይሸጣል። ብዕሩ ሲበላሽ ተማሪው ለመምህሩ ይመልሳል፣ መምህሩ ይጠግናል። ሲጠግን ሲጠግን፣ ከዚህ ሁሉ ራሴ ብሠራው ይሻላል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1888 ፓርከር ኩባንያን አቆመ። የመምህር ደመወዝ አለመብቃት ለዓለም ሥልጣኔ ያበረከተውን የሚጽፍ ሰው እስካሁን አልተገኘም እንጂ መጽሐፉ ወፍራም ይሆን ነበር።

51 የተባለው ብዕር እ.ኤ.አ. በ1941 ገበያ ወጣ። ጫፉ ከሞላ ጎደል የተሸፈነ ነው፤ የሚታየው ጥቂት ብረት ብቻ ነው። እንዲህ የተደረገው ቶሎ የሚደርቀው አዲሱ ቀለም ወረቀት ላይ እንጂ ብዕሩ ላይ እንዳይደርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1945 ጀርመን እጇን ስትሰጥ ጄኔራል አይዘንሃወር ሁለት ብዕር በጣቶቹ መካከል ገትሮ፣ የድል ምልክት አድርጎ ፎቶግራፍ ተነሥቷል፤ ብዕሮቹ ፓርከር 51 ናቸው። እኔ በዚያ ዓይነት ብዕር የማደርገው የተማሪዎች ስም ጥሪ መመዝገብ ነው። ከድሉ በኋላ ብዕርም ሥራ ያስፈልገዋል፣ ምን ይደረግ።

ከፓርከሩ አጠገብ የሻንጋዩ ሂሮ 616 ይተኛል። መልኩ ፓርከሩን ቁጭ ነው፤ ዋጋው ግን የፓርከሩን ክዳን አይገዛም። የሚያሳፍረኝ ነገር ፓርከሩ ያኮረፈ ዕለት ሂሮው በአንድ ጊዜ መጻፉ ነው። ቀጥሎ የጀርመኑ ፔሊካን አለ፤ ክዳኑ ላይ ጫጩቷን የምትመግብ ወፍ የተሣለችበት፣ ጅራቱን ሲያዞሩት ቀለም የሚስብ። ይህ ዘዴ ከእ.ኤ.አ. 1929 ጀምሮ አብሮት ነው። ሞንብላን ግን የለኝም፤ የእሱ ፈረሱላ የሚጠራው ከባለቤቴ ፊት ሳይሆን ከባንክ ፊት ነው። የትልቁ ሞንብላን ወርቅ ጫፍ ላይ 4810 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ ስሙን የሰጠው ተራራ ከፍታ በሜትር ነው። እኛም አንድ ቀን የራሳችንን ብዕር ሠርተን «ራስ ዳሽን» ብንለው ደስ ባለኝ። ችግሩ ቁጥሩ ነው። እኛ 4620 ብለን ተምረን ፈተና አልፈናል፤ የዛሬ ልጆች 4533 ይላሉ፣ 4550 የሚልም አለ። ክርክሩ አልቆ ወርቁ እስኪቀረጽ ቀለሙ ይደርቃል።

አሮጌ ብዕር ከየት ይገኛል ለሚል፣ ኢሉባቦር ውስጥ ከሟች ሣጥን ነው፤ አዲስ አበባ ከሆነ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። ምናለሽ ተራ የገባ ብዕር ሰብሳቢ አንድ ምኞት አለው፦ ሻጩ የያዘውን የማያውቅ እንዲሆን። ስለዚህ ብዕሩን እንዳላየ አልፌ የተሰበረ ሬዲዮ አነሣለሁ፣ ስለ ሬዲዮው እጠይቃለሁ፣ ቁልፍ አገላብጣለሁ፣ ልሄድ ስል ብቻ፣ «ይህቺስ እስክሪብቶ ትጽፋለች?» እላለሁ። ሻጩ ስለ ብዕሩ አያውቅ ይሆናል፤ ስለ እኔ ግን ሬዲዮውን ሳነሣ ጀምሮ አውቋል። ዋጋው ከዚያ በኋላ የሚጠራው እኔን አይቶ ነው።

የብዕር ጠላት የተወለደበት ቀን ይታወቃል። ሃንጋሪያዊው ጋዜጠኛ ላዝሎ ቢሮ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ኳስ የምትሽከረከር መጻፊያ እ.ኤ.አ. በ1938 አስመዘገበ። ኦክቶበር 29 ቀን 1945 ኒው ዮርክ ላይ ጊምብልስ የሚባል መደብር የዚህን ዘር እስክሪብቶ በ12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለሽያጭ አወጣ፤ ሕዝቡ ተጋፍቶ በዚያው ዕለት ወደ 10,000 የሚጠጋ ገዛ። ከአራት ዓመት በፊት ፓርከር 51 የወጣበት ዋጋ ይኸው ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ በ1950 ቢክ ሲመጣ ግን ዋጋው ወርዶ ወርዶ ማንም የሚጥለው ዕቃ ሆነ። ያን ያህል የረከሰ ነገር ነው እንግዲህ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ በሲባጎ ታስሮ የሚገኘው። ስለ አገራችን ሰው አመልና ስለ እስክሪብቶ ያለኝን አስተያየት ሲባጎው በበቂ ይገልጸዋል።

ሲባጎው የተበጠሰ ዕለት ሁሉም ሰው ወደ ጎረቤቱ ዞሮ፣ «ጌታዬ፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» ይላል። የቀለም ብዕር ለያዘ ሰው በአማርኛ ከዚህ የሚያስደነግጥ ጥያቄ የለም። «የለኝም» እንዳልል ከደረቴ ላይ ወርቅ መሳዩ መቆንጠጫ ያበራል። ብሰጠው፣ እስክሪብቶ የለመደ እጅ ነውና፣ ብዕሩን ገልብጦ ይይዘዋል፤ አልጽፍ ሲለው መዳፉ ላይ ይሞክረዋል፣ ቀጥሎ ሦስት ቅጂ ካርቦን ያለው ቅጽ ላይ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጫነዋል። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ወርቅ ነው፤ እንዲህ ሲደረግ እንደ በርጩማ እግር ይከፈታል። ሌላው አደጋ ብዕሩ ሳይጎዳ አብሮ መሄዱ ነው። ጄኔራል ማክአርተር የጃፓንን እጅ መስጠት ሲቀበል ከፈረመባቸው ብዕሮች አንዱ የሚስቱ ፓርከር ነበር ይባላል፤ ለሚስት የሚመለስ ብዕር አያስጨንቅም፤ አንድ ቤት ነው። የመቱ አውቶቡስ ሊነሣ ሲል የሚዋስ ሰው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት እይዛለሁ፦ አንዱ የሚጻፍበት ብዕር፣ ሌላው የሚሰጥ እስክሪብቶ። የሚሰጠው ደግሞ እንደማይመለስ አስቀድሞ የተለቀሰለት ነው።

የእኛ አገር ዝናብም ራሱን የቻለ ባላንጣ ነው። ጎሬና መቱ ዓመቱን ሙሉ ዣንጥላ የማይሰቀልባቸው ከተሞች ናቸው። ተራ ሰማያዊ የብዕር ቀለም ደግሞ በውኃ የሚሟሟ ነው፤ ተማሪ እጁንና ልብሱን እንዲያጥብ ታስቦ። አንድ የሰፈራችን ሰው በዚህ ቀለም ለጎረቤቱ ዋስ ሆኖ ፈረመ። ወረቀቱ ከዳሪሙ መቱ እስኪደርስ ዝናብ አገኘው። መዝገብ ቤት ሲዘረጋ ማኅተሙ አለ፣ የዕዳው መጠን አለ፣ የተበዳሪው ስም አለ፤ ዋሱ ብቻ ሰማያዊ ጉም ሆኗል። ተበዳሪው አዘነ፣ አበዳሪው ተቆጣ፤ ዋሱ ግን ከዚያ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር ቡና ካልጋበዝሁህ ይለኛል።

ለፊርማ የሚሆነው የብረት ቀለም ነው። የብረት ጨውና ከዛፍ እባጭ የሚገኝ ታኒን ተዋህደው የሚሠራ ጥንታዊ ቀለም ሲሆን፣ ሲጽፉት ፈዛዛ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ወረቀቱን ይይዝና በውኃ አይለቅም። እንግሊዞች የጋብቻ መዝገባቸውን ለረጅም ዘመን የሚሞሉት በዚህ ዓይነቱ ቀለም ነበር። የማይለቅ ነገር ለጋብቻ ቢመረጥ አይገርምም። ይሁንና ብዕሩ ውስጥ ረስተው ካሳደሩት አሲዱ የብረቱን ጫፍ ይበላል፤ ቶሎ ቶሎ ማጠብና መንከባከብ ይፈልጋል። ይህም ለጋብቻ መመረጡን ያጠናክረዋል። የቁም ጸሐፊውን የጥላሸት ቀለም ግን ብዕር ውስጥ የሚጨምር ሰው ብዕሩን ቀብሮታል፤ ጥላሸቱ ቦዩን ይደፍነዋል። ለመቃ ብዕር የተሠራውን ለመቃ ብዕር መተው ነው።

ከመቃው አንድ ነገር ግን ተርፎልናል። መቃ ብዕር ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ፊደሉን ሲጽፍ ቋሚው ይወፍራል፣ አግዳሚው ይሳሳል፤ የግዕዝ ፊደል ግርማ ያለው እዚያ ላይ ነው። እስክሪብቶ ሁሉንም እኩል ያቀጥነዋል፤ «ጠ»ም «ጸ»ም ከረሃብ የተረፉ ይመስላሉ። ጫፉ የተጠረበ፣ ሰፋ ያለ የቀለም ብዕር ግን ያንን የብራና ውፍረትና ቅጥነት መልሶ ያመጣዋል። ዳሪሙ ውስጥ ደግሞ በአማርኛም በኦሮምኛም እንጽፋለንና በሁለቱም ሞክሬዋለሁ። ቁቤ ላይ ብዕሩ ደስ ብሎት ይፈሳል፤ ችግሩ የቀለም ወጪ ነው። ድምፁ ሲረዝም አናባቢው ይደገማል፣ ሲጠብቅ ተነባቢው ይደገማል፤ የግዕዙ ፊደል ደግሞ ለተነባቢውም ለአናባቢውም አንድ ቅርጽ ብቻ አስከፍሎ ያልፋል። ለኦሮምኛ ደብዳቤ ብልቃጤን ሞልቼ ነው የምቀመጠው። ሳይጠብቅ የቀረ ቃል ሌላ ትርጉም ይሰጥና ዘመድ ያጣላል፤ ከዘመድ ቀለም ይርከስ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት አንድ ነገር ለማለት ነው። ቡና በጆንያ፣ ማር በቅል ተቀምጦ ባለቤቱን ይጠብቃል። ብዕር አይጠብቅም። ቀለም ሞልተው ካልጻፉበት ቀለሙ ሆዱ ውስጥ ይደርቃል፣ ቦዩ ይደፈናል፣ ከሳምንታት በኋላ ሲከፍቱት ሬሳ ነው። ሰብሳቢው ወይ ማጠብ አለበት ወይ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ብዕር የሚያከማች ሰው ሀብት አላከማቸም፤ ያከማቸው ዕዳ ነው፣ በየቀኑ በመስመር የሚከፈል ዕዳ። የሰው ልጅ ብዙ ነገር ይሰበስባል፤ ሰብሳቢውን ሥራ የሚያዝዘው ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ብዕሮቼን ከአንድ በላይ ባላደርጋቸው ኖሮ ዛሬ ሥራ የሌለኝ ሰው ነበርሁ።

ግን ምን ይጻፋል? የተማሪ ውጤት ወደ ኮምፒውተር ሄዷል። ቃለ ጉባኤ የሚተየብ ሆኗል። ቀሪው ደብዳቤ ነው፤ ስለዚህ ለዘመድ አዝማድ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርሁ። ይህ ራሱን የቻለ መከራ አመጣ። በስልክ ዘመን በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ሲመጣ ሰው የሚያስበው ሦስት ነገር ነው፦ ሞት፣ ክስ፣ ወይም የመሬት ነገር። በደሌ ያለችው አክስቴ ፖስታውን ሳትከፍት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጎረቤት ጠራች። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማንበብ የሚችል ልጅ ተፈልጎ፣ ፖስታው ተቀደደ። ደብዳቤው፣ ከረጅሙ የጤና ጥየቃ ቀጥሎ፣ ይህ የምጽፍበት ቀለም ጥቁር ሰማያዊ መሆኑንና ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ቀላ እንደሚል ያትታል። አክስቴ ደወለች። «ልጄ፣ ማን ነው የሞተው?» አለችኝ። ማንም እንዳልሞተ ማልሁላት። «ታዲያ ይህን ለመንገር ነው?» አለች። ሰው አለመሞቱን በደብዳቤ የነገራት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ቆይታ ግን መርቃኛለች፤ ደብዳቤውንም ከልደት ካርዷ ጋር አስቀምጣዋለች አሉ።

ለወዳጆቼ የጻፍሁት ሁሉ እንዲሁ ነው። የማመሰግነው ወረቀቱን፣ የምገልጸው ቀለሙን፣ የምጠይቀው እነሱ ብዕር እንዳላቸው ነው። ሰው ብዙ ብዕር ሲኖረው የሚጽፈው ስለ ብዕር መሆኑን ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። አንድ ማታ የፈረሱላ ሒሳቧን ጨርሳ፣ «ለሁሉ ስትጽፍ ለእኔ አንዲት መስመር ጽፈህልኝ ታውቃለህ?» አለች። እውነቷን ነው። አንድ ቤት አብሮ የሚኖር ሰው የፖስታ ሣጥን ቁጥር የለውም። የፔሊካኑን ጅራት አዙሬ ጢም አድርጌ ሞላሁና፣ አብረን ያስተማርንበትን ዘመን፣ ያሳደግናቸውን ልጆች፣ ስለ እነሱ ያልነገርኋትን ሁሉ፣ ስለ ቀለም ትንፍሽ ሳልል፣ ሁለት ገጽ ጻፍሁ። ብዕሩ አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠም። ወረቀቱን ትራሷ ላይ አኖርሁት።

በማግሥቱ ደብተሬ ላይ ተመልሶ አገኘሁት። «ሥራ» በሚለው ቃል ላይ እሳቱ «ሰ» በቀይ ተከቦ ንጉሡ «ሠ» ተጽፎበታል። «ሀብት» አንድ ቦታ ላይ ተሰርዟል። ሁለተኛው ገጽ ላይ አራት ነጥብ ተጨምሯል። ግርጌው ላይ፣ «ከአሥር ስምንት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ መደጋገም ያስፈልገዋል» ይላል። እርማቱ የተጻፈው በሱቅ ቀይ እስክሪብቶ ነው፤ ቀለሙ ወጣ ገባ ያለ፣ መስመሩ ሻካራ።

ለእንዲህ ያለ እርማት እንዲህ ያለ ቀይ አይገባም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እያፈላለግሁ ነው፤ አንድ ብልቃጥ ደኅና ቀይ ቀለም፣ ለእሷ እጅ የሚሆን አንድ ብዕር። ዋጋው ያልታጠበ ነው።